ፀሐይን ለሌሊት ስለ ማኖር፤ የመምህርና የመሐንዲስ ምልልስ

በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ አንድ የቅኔና የባሕረ ሐሳብ መምህር፣ ልጆቻቸው በጣራቸው ላይ ስድስት የሶላር ፓነል፣ በጓዳቸውም አንድ ሃይብሪድ ኢንቨርተርና አንድ የሊቲየም ባትሪ ካስተከሉላቸው በኋላ፣ በዕቃው ደስ ቢሰኙም ጠባዩ አልገባቸው ስላለ፣ በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩትንና ዛሬ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነውን ደቀ መዝሙራቸውን በግንቦት ወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስጠሩት። የተነጋገሩትም ቃል ለሌላው ባለቤት ይጠቅም ዘንድ እነሆ ተጽፏል።

መምህር፦ እንኳን ደኅና መጣህ፣ ልጄ። ዕቃውን የተከለው ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት መብራት ጠፋ የሚል ድምፅ አይሰማም» ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ መብራት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢጠፋ፣ የእኔም ቤት ከጎረቤቶቼ ቤት ጋር አብሮ ጨለመ፤ እኔም ለማሕሌት ለመሄድ ጋቢዬንና መቋሚያዬን በዳበሳ ፈለግሁ። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ስታበራ ውላ፣ ባትሪውም ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መቶ ከመቶ መሙላቱን በኢንቨርተሩ መስኮት አይቼ ሳለሁ፣ ሌሊት ባዶ ሆኖ የተገኘበት ምክንያት ምንድር ነው?

መሐንዲስ፦ የኔታ፣ ምክንያቱ የዕቃው ብልሽት ሳይሆን የተሰጠው ትእዛዝ ይመስለኛል፤ ይፍቀዱልኝና በኢንቨርተሩ ላይ የተሞላውን ትእዛዝ ልይ። ይኸውልዎ፣ የቤቱ ኃይል ከወዴት እንደሚመጣ በተራ ሲደነገግ፣ ፀሐይ አንደኛ፣ ባትሪ ሁለተኛ፣ የመብራት ኃይል መስመር ሦስተኛ ሆኖ ተጽፏል፤ ባትሪውም ከፀሐይ ብቻ እንዲሞላ ታዟል። እንግዲህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ መስመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ቤቱ የሚበላው ከባትሪው ነው፤ ወደ መስመሩ የሚዞረው ባትሪው የተሟጠጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስመሩ ሲጠፋ፣ ባትሪው አስቀድሞ ጨርሶ ነበር ማለት ነው። ያን ዕለት ማታ በቤቱ ምን ሲሠራ ነበር?

መምህር፦ ከወትሮው የተለየ ነገር አልነበረም። ምራቴ ከሥራ ተመልሳ እንጀራ ጋገረች፤ ልጆቹም ቴሌቪዥን አዩ።

መሐንዲስ፦ የጨረሰው እንጀራው ነው፣ የኔታ። በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ኃይል የሚፈልግ የለም፤ ሦስት ተኩል ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በባትሪዎ ጎን የተለጠፈውን ቢያነቡት ደግሞ 51.2 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ይላል፤ ሁለቱ ሲባዙ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ የአንድ ማታ ጋገራ ከባትሪው ጠቅላላ ሀብት ይበልጣል።

መምህር፦ እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ቅርብ ነው፤ ልጆቼ ሌላ ባትሪ ይጨምሩልኝ።

መሐንዲስ፦ መጨመርስ ይቻላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በምን እንደሚሞላና ለምን እንደሚውል ሳይደነገግ ሁለተኛውን መግዛት፣ ያንኑ ጉድለት በእጥፍ ዋጋ መግዛት ነው። የዮሴፍን ታሪክ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ግብፅን ከረኃብ ያዳናት የጎተራዋ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ በጥጋቡ ዘመን ከእህሉ አንድ አምስተኛው እንዲገባ፣ በረኃቡም ዘመን በልክ እንዲወጣ የተሠራው ሥርዓት ነው። ለእርስዎም የጎደለዎ ሥርዓቱ ነው እንጂ ጎተራው አይደለም።

መምህር፦ ምሳሌህን ተቀብያለሁ። ግን ሥርዓት ከመሥራት በፊት ተፈጥሮን ማወቅ ይቀድማልና፣ ከፓነሉ እስከ አምፖሉ ያለውን መንገድ ከሥሩ ጀምረህ አስረዳኝ።

መሐንዲስ፦ ብርሃን በአንዳንድ ነገር ላይ ሲያርፍ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚያስገኝ እ.ኤ.አ. በ1839 ያስተዋለው ኤድሞን ቤክሬል የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ነገር ግን ይህ ዕውቀት ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን ሕዋስ ሆኖ በአሜሪካ ከቤል ቤተ ሙከራ እስኪወጣ ድረስ፣ እስከ 1954፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። ከፓነል የሚወጣው ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው፤ በባትሪ የሚጠራቀመውም እንዲሁ ነው፤ አምፖሉና ፍሪጁ የሚሠሩበት ግን በሰከንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ የሚሄደው 220 ቮልት ነው። የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው መለወጥ የማንኛውም ኢንቨርተር ሥራ ሲሆን፣ ሃይብሪድ የሚባለው ግን ፓነሉን፣ ባትሪውን፣ መስመሩንና ቤቱን በአራት በር ተቀብሎ፣ ከፀሐይ የተረፈውን ወደ ባትሪ ይልካል፤ ፀሐይ ሲያንስ የጎደለውን ይሞላል፤ ከመስመሩ የመጣውንም ኃይል ወደ ኋላ ለውጦ ባትሪውን ሊሞላበት ይችላል፤ መስመሩ ሲጠፋም በሰከንድ አንድ መቶኛ ወይም ሁለት መቶኛ ያህል ጊዜ ውስጥ ቤቱን ወደ ባትሪ ያዞራል።

መምህር፦ ደመና ሲያልፍ በመስኮቱ ያለው ቁጥር ሲወድቅና ሲነሣ አያለሁ፤ ጥላው ካለፈ በኋላ እንኳ ቁጥሩ ጥቂት ሲንከራተት ይቆያል።

መሐንዲስ፦ ፓነል የሚሰጠው ኃይል የቮልቱና የአምፔሩ ብዜት ነው፤ አምፔሩን ቢያበዙበት ቮልቱ ይወድቃል፣ ቮልቱን ከፍ ቢያደርጉበት አምፔሩ ይጠፋል፤ በሁለቱ መካከል ግን ብዜቱ ከሁሉ የሚልቅበት አንድ ነጥብ አለ፤ ያም ነጥብ እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀቱ ይዛወራል። እኛ ኤም ፒ ፒ ቲ የምንለው ክፍል ይህን ነጥብ ሲፈልግ ይውላል፤ ያዩት መንከራተት ፍለጋው ነው። ደግሞም ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራልና፣ እንደዚህ እንደ እናንተ ባለ ብርዳም ሰፈር፣ በተርታ የተያያዙት የስድስቱ ፓነሎች ድምር ቮልት በማለዳ ከኢንቨርተሩ ወሰን እንዳያልፍ አስቀድሞ መሰላት አለበት። የእርስዎን አይቼዋለሁ፣ ከወሰኑ በታች ነው።

መምህር፦ አንድ ጎረቤቴ ፓነሎቹ ከዚህ ይልቅ ወደ ደቡብ ቀና ማለት ነበረባቸው ይለኛል።

መሐንዲስ፦ ይህን እንኳ ባሕረ ሐሳብ ለሚያስተምር ሰው መንገር ድፍረት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ፀሐይ በቀትር ከራሳችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሆናለች፤ በቀረው ወራት ደግሞ በደቡብ በኩል ናት። ስለዚህ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድ ያህል፣ አሥር ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ፓነል ለሁለቱም ወቅት ይበቃዋል፤ ጎረቤትዎ የሰሙት ለሩቅ ሰሜን አገሮች የተነገረውን ይሆናል።

መምህር፦ እንግዲህ ወደ ባትሪው እንለፍ። በደብራችን ለድምፅ ማጉያ የተገዛ የእርሳስ ባትሪ ነበረ፤ ብዙ ሳያገለግል ሞተ። ይህኛው ከዚያ በምን ይለያል?

መሐንዲስ፦ በጠባይ ተቃራኒዎች ናቸው። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስ ባትሪ፣ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቀመጥን የሚወድ ነው፤ ጎዶሎ ሆኖ የሰነበተ እንደ ሆነ በእርሳሱ ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይጠነክርበትና ኃይል መቀበሉን ያቆማል። ስለዚህ አሞላሉ ባለ ሦስት ደረጃ ነው፤ ባለ 12 ቮልቱን ብንወስድ፣ በመጀመሪያ ብዙ አምፔር እየተሰጠው እስከ 14.4 ቮልት ገደማ ይወጣል፤ ቀጥሎ በዚያው ቮልት ተይዞ አምፔሩ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ወደ 13.6 ቮልት ገደማ ወርዶ እንደሞላ ይጠበቃል። ከግማሹ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። የእናንተ የደብር ባትሪም ከአንድ በዓል እስከ ሌላው በዓል ሳይሞላ ተቀምጦ ከሆነ፣ የገደለው ሥራ ሳይሆን ሥራ መፍታት ነው።

መምህር፦ ይህኛውስ?

መሐንዲስ፦ ይህ የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሦስት የሊቲየም ባትሪ ሊቃውንት አንዱ ከሆነው ከጆን ጉድኢናፍ የምርምር ቡድን የወጣ ዘር ነው። በውስጡ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት የሆኑ 16 ሕዋሳት በተርታ አሉበት። ሁልጊዜ መቶ ከመቶ ሆኖ እንዲቀመጥ አይፈልግም፤ በመካከል መኖር ይስማማዋል፤ ይሁን እንጂ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው እንዲተካከሉ አልፎ አልፎ ጨርሶ መሙላት አለበት። ሌላው ጠባዩ ግን ብዙ ሰው የሚስትበት ነው፤ ከሙሉ ወደ ባዶ በሚሄድበት በአብዛኛው መንገድ ቮልቱ እምብዛም አይለወጥምና፣ በቮልቱ አይቶ ይህን ያህል ቀረው ማለት አይቻልም። ስለዚህ በባትሪው ውስጥ የተቀመጠው የቁጥጥር ሰሌዳ የገባውንና የወጣውን እየቆጠረ፣ በአንዲት ቀጭን ገመድ ለኢንቨርተሩ ይነግረዋል። ገመዷ ወዴት እንዳለች ልይ... የኔታ፣ ይቺ ከካርቶኑ ሥር በፕላስቲክ ታስራ ያለችው ምንድር ናት?

መምህር፦ እርሷማ ዕቃው ሲተከል የተረፈች ናት ተብላ የተቀመጠች ናት።

መሐንዲስ፦ የተረፈች ሳትሆን የተረሳች ናት። በኢንቨርተሩም ላይ የባትሪው ዓይነት እስከ ዛሬ «እርሳስ» ተብሎ እንደተሞላ ነው። እንግዲህ ኢንቨርተሩ ሊቲየሙን በእርሳስ ሕግ ሲያስተዳድር፣ ያለውንም በቮልት ሲገምት ኖሯል፤ ያን ዕለት ማታ ያዩት መቶ ከመቶም ቆጠራ ሳይሆን ግምት ነበር። አሁን ገመዷን አገናኝቼ ዓይነቱን ወደ ሊቲየም ለውጬዋለሁ፤ ቁጥሩ ወዲያው ወደ 71 ወረደ፤ እውነቱ ይህ ነው።

መምህር፦ በማይናገር ሰው ላይ በግምት መፍረድ ከጥንትም ያስወቅሳል። በምን ፍጥነት ይሞላ ትላለህ?

መሐንዲስ፦ ከፀሐይ ሲሆን 50 አምፔር ይበቃዋል፤ ይህ የአቅሙ ግማሽ ነው፤ ቤቱ ሌላ የማይፈልግ ከሆነና ፀሐዩ ካልተሸፈነ፣ ባዶውን በሁለት ሰዓት ገደማ ይሞላዋል። ከመስመሩ ሲሆን ግን 20 አምፔር አድርጌዋለሁ፤ ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲያበራ የመስመሩ ቮልት ስለሚወድቅ፣ በዚያ ሰዓት ባትሪ በጥድፊያ መሙላት ለራስም ለጎረቤትም ሸክም ነው።

መምህር፦ ቆይ፤ ከመስመሩ መሙላት ለምን አስፈለገ? ፀሐይ ያለችው ቤት ከመስመር መበደር ምን ይሠራለታል? ደግሞስ ታላቁ የሕዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ኃይል አለው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል ኃይል ካለን ባትሪውስ ራሱ ለምን?

መሐንዲስ፦ ከኋለኛው ልጀምር። ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ እስከ ቤት ማድረስ ሌላ ነው። ግድቡ ባለበት በጉባ የተመነጨው ኃይል ወደ እርስዎ አምፖል እስኪደርስ ድረስ በከፍተኛ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሰፈር ትራንስፎርመር፣ በእንጨት ምሰሶና በቆጣሪ ያልፋል፤ ከእነዚህ አንዱ ቢታመም፣ አንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በሽቦው ላይ ቢወድቅ፣ ግድቡ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰፈሩ ይጨልማል። ባትሪው መጠባበቂያ የሚሆነው ለዚህ የመጨረሻ መንገድ ነው። ወደ ፊተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ሦስት ነጥብ ሦስት ኪሎዋት የሆኑት ፓነሎችዎ በጥሩ የበጋ ቀን እስከ 14 ኪሎዋት ሰዓት ሊሰጡ ይችላሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው ሳይገለጥ የሚውልበት ቀን አለና ግማሹም የማይገኝበት ጊዜ ይመጣል። ነገር ግን የአገራችን ኃይል በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ መሆኑን ያስተውሉ፤ ፀሐይን የሚጋርደው ያው ዝናብ ዐባይንና ኦሞን የሚሞላ ነው። በጋ የፀሐይ፣ ክረምት የውኃ ወራት ነው፤ ባትሪውም በበጋ ከጣራ፣ በክረምት ከወንዝ ቢሞላ፣ እያንዳንዱን በወራቱ መጠቀም እንጂ መበደር አይባልም።

መምህር፦ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ታዲያ በውጭ ያሉ ልጆቼ እንደሚነግሩኝ፣ እዚያ ሰዎች ሌሊት በርካሽ ሞልተው ቀን ይጠቀማሉ አሉ፤ እኛስ ሁልጊዜ ከመስመሩ ብንሞላ?

መሐንዲስ፦ በዚያ ታሪፉ በሰዓት የሚለያይባቸው አገሮች አሉ፤ በእኛ አገር ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚለያየው በፍጆታ መጠን ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በከፍተኛ ዋጋ ይከፍላል እንጂ የሌሊት ቅናሽ የለውም። ደግሞም ከመስመር ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ቤት ሲለዋወጥ ከመቶ 15 እስከ 20 ገደማው በሙቀት ይጠፋል። ስለዚህ ከመስመር መሙላት ቁጠባ ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ ለጥበቃ የሚበቃው ያህል ብቻ ይሞላ።

መምህር፦ ስንት ይበቃል?

መሐንዲስ፦ እንቁጠረው። አሥር አምፖሎች ባለ 9 ዋት አምስት ሰዓት ቢበሩ 0.45 ኪሎዋት ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑ 0.4፣ ፍሪጁ ለሌሊቱ 0.55፣ የኢንተርኔቱ ዕቃ 0.13፤ በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው፣ ኢንቨርተሩ ራሱ ነቅቶ ለመቆየት ብቻ 50 ዋት ያህል ይበላልና፣ ለአሥራ ሦስት ሰዓት 0.65 ነው። ድምሩ 2.18 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ከባትሪው ግማሽ በታች ነው። ስለዚህ ሥርዓቱን እንዲህ ጻፍሁት፤ በበጋ ቤቱ ማታ ከባትሪው ይጠቀም፤ 50 ከመቶ ሲደርስ ግን መስመሩ ካለ ወደ መስመሩ ይመለስ፤ የቀረው ግማሽ መስመሩ ለሚጠፋበት ሌሊት ይቀመጥ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ደግሞ ማታ መስመሩ ይቅደም፤ ባትሪውም ፀሐይ ካልሞላችው ከመስመሩ ተሞልቶ 80 ላይ ይጠበቅ።

መምህር፦ በዚህ ቁጥር ውስጥ ምጣዱን አላየሁትም።

መሐንዲስ፦ አውቄ ነው የተውሁት። ምጣድ የባትሪ ጓደኛ አይደለም። በቀትር ቢጋገር፣ ፓነሎቹ በዚያ ሰዓት ሁለት ተኩል ኪሎዋት ያህል ስለሚሰጡ፣ ከባትሪው የሚፈለገው ቀሪው አንድ ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ያንንም የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ይመልሰዋል። ሳይከማች በወጣበት ሰዓት ከተሠራበት ኃይል የበለጠ ርካሽ ኃይል የለም።

መምህር፦ እዚህ ላይ ግን እቃወምሃለሁ። ምራቴ ቀን በመሥሪያ ቤት ናት፤ ለእንጀራ ሲባል ሥራዋን ትተው? ሰው ዕቃ የሚገዛው እንዲገለገልበት ነው፤ አንተ እንደምትለው ከሆነ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ለዕቃው ሊገዛ ነው።

መሐንዲስ፦ ተግሣጽዎ ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ሁለት መንገድ ትቼላቸዋለሁ። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን፣ ወዲህ ወደ ኢንቨርተሩ፣ ወዲያ በቀጥታ ወደ ቆጣሪው የሚዞር ማብሪያ ይተከልለታል፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ በቀትር ሲጋገር ከፀሐይ፣ በሥራ ቀን ማታ ሲጋገር ከመስመሩ ይሠራል። ከባትሪው ብቻ ግን በፍጹም አይጋገርም። ሰዓቱን መምረጥ የምራትዎ ነው፤ ዕቃው የሚፈልገው እንዳይዋሹት ብቻ ነው።

መምህር፦ እሺ፣ ረታኸኝ። ስለ አደጋ የምትለኝ አለ?

መሐንዲስ፦ ሁለት ነገር። ከፓነሉ የሚወርደው ኃይል በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ስለሆነ፣ ሲቋረጥ የሚነሣው ብልጭታ በራሱ አይጠፋም፤ ለተመላላሹ ኃይል የተሠራ ተራ ብሬከር እዚያ ላይ ከገባ ሊያቃጥል ይችላል፤ ለዚያው የተሠራው ይግባ። ሁለተኛው የሰው ነፍስ ነው፤ መስመሩ ሲጠፋ ከእርስዎ ቤት ወደ ምሰሶው ኃይል እንዳይመለስ ኢንቨርተሩ ራሱን ከመስመሩ ይለያል፤ አንድ ሰው ግን በብልጠት የኢንቨርተሩን መውጫ በዲቫይደር ወደ ግድግዳው ሶኬት ቢመልሰው፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሲያዩ ዝም አይበሉ።

መምህር፦ እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ባትሪውም በቂ ነው፤ የጎደለው ሥርዓቱ ነበር፤ ሥርዓቱንም መሥራት የሻጩ ሳይሆን የባለቤቱ ነው፤ ምክንያቱም በቤቱ መቼ እንደሚጋገር፣ መቼ እንደሚጸለይ፣ የትኛው አምፖል ሌሊት መብራት እንዳለበት የሚያውቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ይህን ምልልስ የምታነቡ ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ስታስተክሉ፣ ሠራተኛው መሰላሉን ይዞ ከመውጣቱ በፊት አራት ነገር በወረቀት አስጽፉት፤ የባትሪው ዓይነት በኢንቨርተሩ ላይ ምን ተብሎ እንደተሞላ፣ በስንት አምፔር እንደሚሞላ፣ ከስንት ከመቶ በታች እንዳይወርድ እንደታዘዘ፣ የባትሪውም ገመድ ከኢንቨርተሩ ጋር መገናኘቷን። ይህን ጽፎ ሳይፈርም የቀረውን ገንዘብ አትክፈሉት።